ዊንዶውስን ሳታጠፉ ሊኑክስን ጎን ለጎን መጫን፦ የቡት ሎደር አሠራር ደረጃ በደረጃ

«ሊኑክስ ብጭን ዊንዶውሴ ይጠፋብኛል ወይ?» ይህ ጥያቄ ከባሕር ዳርም፣ ከደብረ ማርቆስም፣ ከፍኖተ ሰላምም ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። ለትምህርታቸው ሊኑክስ ያስፈልጋቸዋል፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸውና ዎርዳቸው ግን ያለው ዊንዶውስ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ አንድ ቦታ ላይ ላስቀምጠው። ዊንዶውሳችሁ አይጠፋም። የሚጠፋው ቅደም ተከተሉ ሲዘለል ነው፤ ያየኋቸው ብልሽቶች ብዙዎቹም የተፈጠሩት ሊኑክስ ሲጫን ሳይሆን ከዚያ በፊት መደረግ የነበረበት ነገር ሳይደረግ ሲቀር ነው።

ቡት ሎደር ማለት ኮምፒውተሩ እንደበራ መጀመሪያ የሚነሣና የትኛውን ሲስተም እንደሚጠራ የሚወስን ትንሽ ፕሮግራም ነው። የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ በሉት፦ ራሱ መኪና አይነዳም፤ የደብረ ማርቆሱንና የጎንደሩን መኪና ለይቶ ያስወጣል እንጂ። የዊንዶውስ ተራ አስከባሪ ሊኑክስን ከነመኖሩም አያውቅም። የሊኑክሱ ግን፣ ስሙ ግራብ ነው፣ ሁለቱንም ያውቃል። ስለዚህ ሥራችን ግራብን ፊት ማስቀመጥና ዊንዶውስን በግራብ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ነው።

መመሪያውን የጻፍኩት ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ለሆነው ለሊኑክስ ሚንት ነው። ፋይሉ 3 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ ከሌላው ዓይነት፣ ከኡቡንቱ፣ ግማሽ ያህል ዳታ ነው የሚፈጅባችሁ፤ ኢንተርኔት በሌለበትም ተጭኖ ያልቃል። ኡቡንቱን የመረጠ ሰው ግን የቡት ሎደሩ ነገር አንድ ዓይነት ስለሆነ በዚሁ መሥራት ይችላል። የአዝራርና የምናሌ ስሞችን በድምፃቸው ጽፌአቸዋለሁ፤ ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ታገኟቸዋላችሁ፣ የምትተይቡትንም እንደዚያው ትተይቡታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለበት ኮምፒውተር፤ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 60 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው። ራሙ 4 ብቻ ከሆነ «ኤክስኤፍሲኢ» የተባለውን ቀለል ያለ የሚንት ዓይነት አውርዱ።
• 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ። ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል።
• ፋይላችሁን የምትገለብጡበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወይም ሌላ ፍላሽ።
• የሚንት አይኤስኦ (መጫኛ) ፋይልና ፍላሹን የምናዘጋጅበት ሩፈስ የተባለው ትንሽ ፕሮግራም።
• ሙሉ ባትሪ ከነቻርጀሩ። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ።
• ወረቀትና እስክሪብቶ፤ ይህን መመሪያ ደግሞ ስልካችሁ ላይ። ኮምፒውተሩ አልነሣ ካለ ከእሱ ላይ ማንበብ አትችሉምና።

ማስጠንቀቂያ፦ ዲስክ እየተቀነሰ ወይም ፎርማት እየሆነ ሳለ መብራት ቢጠፋ የሚጎዳው የሊኑክሱ ክፍል ብቻ አይደለም፤ ዊንዶውሱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ አይሻልም። በክረምት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር አትጀምሩ፤ ጠዋት ይሻላል።

ደረጃ 1፦ ዊንዶውሳችሁ በየትኛው መንገድ እንደሚነሣ እወቁ

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። የዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ብላችሁ ክፈቱ። ከሚዘረዘሩት መካከል «ባዮስ ሞድ» የሚል መስመር አለ። ፊት ለፊቱ «ዩኢኤፍአይ» (አዲሱ የአነሣስ መንገድ) ወይም «ሌጋሲ» (የቆየው) ይላል። ያያችሁትን ወረቀቱ ላይ ጻፉት።

ለምን? በዩኢኤፍአይ መንገድ ዲስኩ ላይ በፋት32 የተሠራች፣ አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋባይት የምታህል ትንሽ ክፍል አለች። እያንዳንዱ ሲስተም የራሱን ቡት ሎደር እዚያች ክፍል ውስጥ በራሱ ፎልደር ያስቀምጣል፤ ግራብና የዊንዶውሱ ሳይነካኩ ይኖራሉ። በሌጋሲ መንገድ ግን ቡት ሎደሩ የሚጀምረው ከዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ነው፤ ለኮዱ ያለው ቦታ 446 ባይት ብቻ ነው፣ የሚቀመጠውም አንድ ብቻ። ስለዚህ ግራብ ሲገባ የዊንዶውሱ ይለቃል ማለት ነው። ይህ በራሱ ችግር የለውም፣ ግራብ ዊንዶውስን ይጠራዋልና። ችግሩ የሚመጣው አንዱ በዩኢኤፍአይ፣ ሌላው በሌጋሲ ሲጫን ነው፦ እንዲህ ከሆነ በአንዱ መንገድ የተነሣ ቡት ሎደር በሌላው መንገድ የተጫነውን ሲስተም መጥራት አይችልም። «ሊኑክስ ይገባል፣ ዊንዶውስ ዝርዝሩ ውስጥ የለም» የሚለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ ምንጩ ይኸው ነው።

ላፕቶፑ አዲስ ስለሆነ ብቻ ዩኢኤፍአይ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ የተጫነበት ብዙ ማሽን፣ በተለይ ያገለገለ ከሆነ፣ በሌጋሲ ተጭኖ ይገኛል። ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ደረጃ 2፦ ፋይላችሁን ገልብጡ

የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ፎቶ፣ የሥራ ሰነድ፦ ሌላ ዲስክ ላይ። ከሲ ወደ ዲ መገልበጥ አይቆጠርም፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ አንድ ዲስክ ላይ ናቸው።

ደረጃ 3፦ ፋስት ስታርትአፕንና ቢትሎከርን አጥፉ

ፋስት ስታርትአፕ ሲበራ፣ «ሸት ዳውን» ስትሉት ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ከፊሉን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ያንቀላፋል፣ ክፍሎቹንም እንደያዛቸው ይቆያል። በዚህ መሐል ሊኑክስ ገብቶ እነዚያ ክፍሎች ላይ ቢጽፍ ዊንዶውስ ሲነቃ የሚያውቀውና ዲስኩ ላይ ያለው አይገጣጠምም፤ ፋይል የሚበላሸው እንዲህ ነው። ለማጥፋት፦ ኮንትሮል ፓነል፣ «ሃርድዌር ኤንድ ሳውንድ»፣ «ፓወር ኦፕሽንስ»፣ ከግራ በኩል «ቹዝ ዋት ዘ ፓወር በተንስ ዱ»። ከላይ ያለውን «ቼንጅ ሴቲንግስ» የሚል ሰማያዊ ጽሑፍ ጠቅ ካደረጋችሁ በኋላ ከታች «ተርን ኦን ፋስት ስታርትአፕ» ፊት ያለውን ምልክት አንሡ፣ ሴቭ አድርጉ።

ቢትሎከር ደግሞ ዲስኩን በቁልፍ የሚዘጋ ነው። «እኔ አላበራሁትም» አትበሉ፤ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ በራሱ ሊበራ ይችላል። የቡት ቅደም ተከተል ሲቀየር ወይም ሲኪዩር ቡት (ፊርማ የሌለው ማስነሻ እንዳይነሣ የሚከለክለው መቆጣጠሪያ) ሲነካ ዊንዶውስ «ሌባ ገባ» ብሎ 48 አሃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ከሌላችሁ ፋይላችሁ እዚያው ተቆልፎ ይቀራል፤ የትኛውም ጥገና ቤት አይከፍተውም። ስለዚህ መጀመሪያ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያ ከሴቲንግስ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» ወይም «ቢትሎከር» ብላችሁ ፈልጉና አጥፉት፤ ዲስኩ እስኪፈታ ድረስ ጠብቁ። ትልቅ ዲስክ ከሆነ ይቆያል፣ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ደረጃ 4፦ ለሊኑክስ ቦታ አስለቅቁ

የስታርት ምልክቱን በቀኝ ማውስ ተጭናችሁ «ዲስክ ማኔጅመንት» ክፈቱ። ሲን በቀኝ ማውስ ጠቅ አድርጉና «ሽሪንክ ቮልዩም» በሉ። የሚቀነሰውን መጠን በሜጋባይት ይጠይቃል፤ ለ60 ጊጋባይት 61440 ጻፉ። ዲ ድራይቫችሁ ባዶ ከሆነ ከእሱ መቀነስም ይቻላል።

ከጨረሰ በኋላ ጥቁር መስመር ያለበት «አንአሎኬትድ» የሚል ቦታ ይታያል። እንደዚያው ተዉት። «ኒው ሲምፕል ቮልዩም» ብላችሁ ኢ ድራይቭ አትፍጠሩበት፤ ሊኑክስ የሚፈልገው ባለቤት የሌለው ቦታ ነው።

ይህን ሥራ የሊኑክስ ጫኝም ሊሠራው ይችላል፤ እኔ ግን በዊንዶውሱ ይሁን እላለሁ። የዊንዶውስን ፋይሎች አቀማመጥ ከዊንዶውስ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስህተት ቢገጥመውም ሥራውን ሳይጀምር ይነግራችኋል።

«ሰፊ ባዶ ቦታ አለኝ፣ ግን የሚፈቅድልኝ 3 ጊጋባይት ብቻ ነው» የሚል ይኖራል። ምክንያቱ ዊንዶውስ የማያንቀሳቅሳቸው ፋይሎች ክፍሉ መሐል ላይ መቀመጣቸው ነው፦ የሃይበርኔሽኑ ፋይል፣ የፔጅ ፋይሉና የሲስተም ሪስቶር ቅጂዎች። ሦስቱንም ለጊዜው አጥፍታችሁ፣ ሪስታርት አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ። ስትጨርሱ ፔጅ ፋይሉንና ሪስቶሩን መልሱ።

ማስጠንቀቂያ ለሌጋሲዎች፦ የናንተ ዲስክ የአከፋፈል ዘዴ አብዛኛውን ጊዜ የቆየው ኤምቢአር ነው፣ ኤምቢአር ደግሞ ከ4 በላይ ፕራይመሪ ክፍል አይቀበልም። አራቱም ከተያዙ ባስለቀቃችሁት ቦታ ላይ ሊኑክስ ሊጫን አይችልም፤ ጫኙም «አንዩዘብል» ይለዋል። አንዱን ክፍል ባዶ አድርጋችሁ ማጥፋት ይኖርባችኋል፤ የምታጠፉት ሲን ወይም «ሲስተም ሪዘርቭድ» የሚለውን እንዳይሆን። ዊንዶውስ በበኩሉ «ዲስኩን ወደ ዳይናሚክ ልቀይረው» ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል። እንቢ በሉት፤ ዳይናሚክ ዲስክ ላይ ይህ መመሪያ አይሠራም፣ ወደ ነበረበት መመለሱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ደረጃ 5፦ ፍላሹን አዘጋጁ

አይኤስኦውን ፍላሽ ላይ ኮፒ ፔስት ማድረግ ፍላሹን ቡት የሚያደርግ አያደርገውም። ሩፈስን ክፈቱ፣ ፍላሹን ምረጡ፣ «ሴሌክት» ብላችሁ አይኤስኦውን አምጡ። ከዚያ «ፓርቲሽን ስኪም» በሚለው ላይ፣ ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁት ዩኢኤፍአይ ከሆነ «ጂፒቲ»፣ ሌጋሲ ከሆነ «ኤምቢአር» ምረጡ። በጂፒቲ የተሠራ ፍላሽ በሌጋሲ አይነሣም፤ ስለዚህ በስህተት በማይሆነው መንገድ እንዳትገቡ ራሱ ይከለክላችኋል። «ስታርት» በሉ፤ ከጠየቃችሁ «አይኤስኦ ሞድ»ን ተቀበሉ።

ከመጻፋችሁ በፊት ግን ፋይሉን መርምሩ። ኔትወርክ እየተቆራረጠ የወረደ፣ ወይም ከጓደኛ ወደ ጓደኛ በፍላሽ ሲዞር የከረመ አይኤስኦ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። ጎዶሎነቱ የሚታወቀው ደግሞ ጭነቱ መሐል ላይ ሲቆም ነው፣ ያን ጊዜ ዲስኩ ተነክቷል። ሩፈስ ላይ «ሴሌክት» አጠገብ ክብ ውስጥ ያለች የራይት ምልክት አለች፤ እሷን ስትጫኑ የፋይሉን «ኤስኤችኤ256» ቁጥር ታወጣለች። የሚንት ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። አንድ ፊደል ከተለየ እንደገና አውርዱ።

ደረጃ 6፦ ከፍላሹ ተነሡ

ዊንዶውሳችሁ ዩኢኤፍአይ ከሆነ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፦ «ሺፍት»ን እንደያዛችሁ «ሪስታርት» በሉ፣ ከሚመጣው ሰማያዊ ገጽ «ዩዝ ኤ ዲቫይስ»ን መርጣችሁ ፍላሹን ንኩ። ሌሎቻችሁ ኮምፒውተሩን እንዳበራችሁ የቡት ምናሌ ቁልፉን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ዴል፣ ሌኖቮና ቶሺባ ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ12 ነው፤ ኤችፒ ላይ ኤስኬፕ ከዚያ ኤፍ9፤ አሱስ ላይ ኤስኬፕ። ኤሰር ላይም ኤፍ12 ነው፣ ግን መጀመሪያ በኤፍ2 ገብታችሁ «ኤፍ12 ቡት ሜኑ» የሚለውን ማብራት ሊያስፈልግ ይችላል። ፍላሹ ሁለት ጊዜ ተዘርዝሮ አንዱ «ዩኢኤፍአይ» የሚል ቃል ካለበት፣ ከወረቀታችሁ ጋር የሚስማማውን ምረጡ።

ሲኪዩር ቡትን አታጥፉ። ሚንትም ኡቡንቱም በማይክሮሶፍት ፊርማ የጸደቀ ማስነሻ ስላላቸው አብረውት ይሠራሉ። «መጀመሪያ ሲኪዩር ቡት አጥፋ» የሚለው ምክር የቆየ ነው።

ሚንት ሳይጫን ከፍላሹ ይከፈታል። እዚያው ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ታችፓዱን ሞክሩ፤ ዋይፋዩ የማይሠራ ከሆነ ሳትጭኑ ማወቁ ይሻላል። ከዚያ አንድ ማረጋገጫ፦ የፋይል ማሳያውን ክፈቱ፣ «ፋይል ሲስተም»፣ «ሲስ»፣ «ፈርምዌር» ብላችሁ ግቡ። ውስጡ «ኢኤፍአይ» የሚል ፎልደር ካለ በዩኢኤፍአይ ተነሥታችኋል፤ ከሌለ በሌጋሲ ነው። ከወረቀቱ ጋር ካልተስማማ አጥፍታችሁ እንደገና ተነሡ። ካልተስማማ ወደ ደረጃ 7 አትለፉ።

ደረጃ 7፦ ጫኑ

ዴስክቶፑ ላይ ያለውን «ኢንስቶል ሊኑክስ ሚንት» ክፈቱ። ኪቦርዱን «ኢንግሊሽ ዩኤስ» አድርጉ። አማርኛ የምትጽፉ ብትሆኑም አማርኛውን በኋላ ጨምሩት፤ አሁን ከመረጣችሁት መግቢያው ላይ የይለፍ ቃላችሁን መጻፍ ሊያቅታችሁ ይችላል። «መልቲሚዲያ ኮዴክስ» የሚለው ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ኔትወርክ ከሌለ ዝለሉት።

ከዚያ «ኢንስቶሌሽን ታይፕ» ይመጣል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

«ኢሬዝ ዲስክ» የሚለው ዲስኩን በሙሉ ያጠፋዋል፦ ዊንዶውስን፣ ዲን፣ ሁሉንም። ብዙ ሰው ዊንዶውሱን የሚያጣው በዚህች አንድ ምርጫ ነው። «አሎንግሳይድ» የሚለው ጎን ለጎን ይጭናል፣ ይሠራልም፤ ግን ቦታውን ከየት እንደሚወስድ ሁልጊዜ ጥርት አድርጎ አያሳይም። «ሰምቲንግ ኤልስ»ን ምረጡ፤ ባዶውን ቦታ በዓይናችሁ እያያችሁ ትሠራላችሁ።

በሚመጣው ሠንጠረዥ ላይ፦

ሀ. «ፍሪ ስፔስ» የሚለውን መስመር ፈልጉ። 61440 ያስለቀቃችሁት እዚህ 64424 አካባቢ ሆኖ ይታያል። አትደንግጡ፤ ዊንዶውስ ሜጋባይትን በ1024፣ ጫኙ ደግሞ በ1000 ስለሚቆጥሩ ነው።

ለ. መስመሩን መርጣችሁ የመደመር ምልክቱን ተጫኑ። መጠኑን እንዳለ ተዉት። «ዩዝ አዝ» ላይ «ኤክስት4»፣ «ማውንት ፖይንት» ላይ አንዲት ወደ ቀኝ ያዘመመች ሰረዝ «/» ምረጡ። ይቺ የሊኑክስ ሥር ናት፣ ያለሷ ጫኙ አይቀጥልም። ስዋፕ የሚባል ክፍል መፍጠር አያስፈልግም፣ በፋይል መልክ በራሱ ይሠራዋል።

ሐ. ዩኢኤፍአይ ከሆናችሁ «ኢኤፍአይ» የሚል ትንሽ ክፍል ታያላችሁ። አታጥፏት፣ ፎርማትም አታድርጓት፤ የዊንዶውስ ማስነሻ ያለው እሷ ውስጥ ነው። ግራብ ራሱ የራሱን ፎልደር ይጨምርባታል።

መ. ከታች «ዲቫይስ ፎር ቡት ሎደር ኢንስቶሌሽን» ይላል። ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ ራሱን ምረጡ፤ ክፍሉን አይደለም። ስሙ «ኤስዲኤ» ብቻ ከሆነ ዲስኩ ነው፣ «ኤስዲኤ1» ከሆነ ክፍሉ ነው። በአዳዲሶቹ ኤስኤስዲዎች ላይ «ኤንቪኤምኢ0ኤን1» ብሎ የሚያበቃው ዲስኩ ነው፣ ከኋላው «ፒ1» ከተጨመረበት ክፍል ነው። ፍላሹ ብዙ ጊዜ «ኤስዲቢ» ሆኖ ስለሚታይ መጠኑን አይታችሁ እሱን አለመምረጣችሁን አረጋግጡ።

«ኢንስቶል ናው» ስትሉ የሚደረገውን ለውጥ የሚዘረዝር ትንሽ መስኮት ይመጣል። አንብቡት። ፎርማት የሚደረገው አዲሱ ኤክስት4 ክፍል ብቻ መሆን አለበት። «ኤንቲኤፍኤስ» (የዊንዶውስ ክፍሎች ዓይነት) የሚል ነገር ፎርማት ሊደረግ ተዘርዝሮ ካያችሁ «ጎ ባክ» በሉ። እስከዚህች መስኮት ድረስ ዲስኩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ ከዚህ በኋላ ግን ይጻፋል።

የቀረው ቀላል ነው። ካርታው ላይ አዲስ አበባን ምረጡ፣ የተጠቃሚ ስም በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ስጡ፣ ቻርጀሩን ሳትነቅሉ ጠብቁ። ኮዴክስ መርጣችሁ ከነበረና የሲኪዩር ቡት የይለፍ ቃል አስገቡ ካላችሁ ቃሉን ወረቀቱ ላይ ጻፉት፤ ሪስታርት ሲያደርግ ሰማያዊ ገጽ መጥቶ ይጠይቃችኋል። እዚያ ላይ «ኢንሮል ሞክ»፣ «ኮንቲንዩ» ብላችሁ ቃሉን ስጡት። ከዘለላችሁት ሲስተሙ ይነሣል፣ ግን አንዳንድ ድራይቨሮች ላይሠሩ ይችላሉ።

ደረጃ 8፦ ግራብን እንደሚመቻችሁ አድርጉ

ሪስታርት ሲያደርግ የግራብ ዝርዝር ይመጣል፦ ከላይ ሊኑክስ ሚንት፣ ዝቅ ብሎ «ዊንዶውስ» የሚል መስመር (በዩኢኤፍአይ «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር»)። ሁለቱንም ግቡባቸው። ዊንዶውስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ዲስክ ልፈትሽ ካለ ተዉት ይጨርስ።

የሚጠየቀው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ዊንዶውስ ቀድሞ እንዲመረጥ እንዴት አደርጋለሁ?» ሚንት ውስጥ «ፋይል ሲስተም»፣ «ኢቲሲ»፣ «ዲፎልት» ድረስ ሂዱ፤ በባዶው ቦታ ላይ በቀኝ ማውስ «ኦፕን አዝ ሩት» በሉና «ግራብ» የሚለውን ፋይል ክፈቱ። «ግራብ_ዲፎልት» የሚለው መስመር 0 ይላል፤ መቁጠር የሚጀምረው ከ0 ስለሆነ ይህ የመጀመሪያው ማለት ነው። ዊንዶውስ ዝርዝሩ ላይ ሦስተኛ ከሆነ 2 ጻፉ። ከዚህ የሚሻለው ግን ቁጥሩን አጥፍቶ «ሴቭድ» ብሎ መጻፍ፣ ከሥሩም «ግራብ_ሴቭዲፎልት=ትሩ» የሚል አዲስ መስመር መጨመር ነው። ያን ጊዜ ግራብ መጨረሻ የገባችሁበትን ያስታውሳል። ዊንዶውስ አፕዴት ሲያደርግ ደጋግሞ ሪስታርት ስለሚል አጠገቡ ቆማችሁ መምረጥ አይጠበቅባችሁም። «ግራብ_ታይምአውት» ደግሞ ዝርዝሩ የሚቆይበት ሰከንድ ነው፤ 10 በቂ ነው።

ሴቭ ካደረጋችሁ በኋላ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ከፍታችሁ «ሱዶ አፕዴት-ግራብ» ጻፉ። ይህ ካልተደረገ የለወጣችሁት ነገር ሥራ ላይ አይውልም፤ ግራብ የሚያነበው ከዚህ ፋይል ተዘጋጅቶ «ቡት» ውስጥ የሚቀመጠውን ሌላ ፋይል ነውና። ያንን የተዘጋጀውን ፋይል በቀጥታ አትንኩት፤ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) በታደሰ ቁጥር እንደ አዲስ ስለሚጻፍ ድካማችሁ ይጠፋል።

ደረጃ 9፦ ሰዓቱን አስታርቁ

ከሊኑክስ ወጥታችሁ ዊንዶውስ ስትገቡ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ካገኛችሁት የሀበሻና የፈረንጅ ሰዓት ጉዳይ አይደለም፤ ያኛው ልዩነት ስድስት ነው። ዊንዶውስ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አገር ሰዓት ያነበዋል፣ ሊኑክስ ደግሞ እንደ ዓለም አቀፉ፤ እኛ ከዚያ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ተርሚናል ላይ «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» ብላችሁ አስገቡ። የመጀመሪያው ቃል ታይም፣ ዴት፣ ሲ፣ ቲ፣ ኤል ሳይለያዩ ነው።

የተለመዱ ስህተቶችና መፍትሔያቸው

ግራብ ሳይመጣ በቀጥታ ዊንዶውስ ይገባል። ግራብ አልጠፋም፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ሁለተኛ ሆኗል። ወደ ፈርምዌሩ (ኮምፒውተሩ እንደበራ፣ ዊንዶውስ ሳይነሣ በቁልፍ የሚገባበት የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ግቡ፣ «ቡት ኦርደር» ላይ «ኡቡንቱ» የሚለውን ከ«ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር» በላይ አድርጉ። ሚንት የጫነ ሰውም ስሙ «ኡቡንቱ» ሆኖ ነው የሚያገኘው፤ ሌላ ነገር የጫናችሁ አይምሰላችሁ። ትልቅ የዊንዶውስ አፕዴት ወይም ዊንዶውስን እንደገና መጫን ይህን ቅደም ተከተል ሊመልሰው ይችላል።

ዊንዶውስ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። መጀመሪያ ደረጃ 1ን አስታውሱ፤ መንገዱ ከተለያየ ምንም ትእዛዝ አያመጣውም። መንገዱ አንድ ከሆነና የጫናችሁት ኡቡንቱ ከሆነ፣ ከግራብ 2.06 ጀምሮ ሌላ ሲስተም የሚፈልገው ክፍል ሳይበራ ነው የሚመጣው። እዚያው የግራብ ፋይል ውስጥ «ግራብ_ዲሴብል_ኦኤስ_ፕሮበር=ፎልስ» የሚል መስመር አስገቡና «ሱዶ አፕዴት-ግራብ» በሉ። ሚንት ላይ ይህ አስቀድሞ የበራ ነው።

ጥቁር ስክሪን ላይ «ግራብ ሬስኪዩ» ይላል። ግራብ ተነሥቷል፣ ግን ቀሪ ፋይሎቹን አጥቷል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው የሊኑክሱ ክፍል ከዊንዶውስ ውስጥ ሲጠፋ ነው። ሊኑክሱ አሁንም ካለ ከፍላሹ ተነሡ፣ ኢንተርኔት አገናኙ፣ ከምናሌው «ቡት ሪፔር»ን ከፍታችሁ የሚመክረውን ጥገና ተቀበሉ።

ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ጭኜ ዲስኩን ስነቅለው ላፕቶፑ አልነሣ አለ። ኤክስተርናሉን ለቡት ሎደሩ ብትመርጡትም እንኳ፣ የሚንት ጫኝ በዩኢኤፍአይ ጊዜ ማስነሻውን መጀመሪያ ባገኘው የኢኤፍአይ ክፍል ላይ፣ ማለትም በላፕቶፑ ዲስክ ላይ ያስቀምጠዋል። ለጊዜው ከፈርምዌሩ «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር»ን አስቀድሙት።

ጫኙ ዲስኩን ጭራሽ አያየውም። ፈርምዌሩ ውስጥ የዲስኩ አሠራር «ሬይድ» ወይም «አርኤስቲ» ተብሎ ይሆናል፤ «ኤኤችሲአይ» መሆን አለበት። ግን ዝም ብላችሁ አትቀይሩት፣ ዊንዶውስ አልነሣ ይላል። መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» ከፍታችሁ፣ «ቡት» ከሚለው «ሴፍ ቡት»ን ምልክት አድርጉ። ሪስታርት ስታደርጉ ወደ ፈርምዌሩ ገብታችሁ ቀይሩት፣ ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ይነሣ፣ ከዚያ ምልክቱን አንሡ።

«ሺም ኤስባት ዳታ» የሚል ቃል ያለበት ስህተት ወጥቶ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። በፈረንጆቹ ነሐሴ 2024 የወጣ የዊንዶውስ አፕዴት የቆዩ የሊኑክስ ማስነሻዎችን ማገድ ከጀመረ ወዲህ የመጣ ነው። ያረጀ አይኤስኦ ከሆነ አዲሱን አውርዱ። አስቀድሞ የተጫነ ከሆነ ሲኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፍታችሁ ግቡ፣ ሚንትን ሙሉ በሙሉ አፕዴት አድርጉ፣ መልሳችሁ አብሩት።

ከሊኑክስ ሆኜ ዲ ላይ ማንበብ እንጂ መጻፍ አልችልም። ፋስት ስታርትአፕ አልጠፋም፣ ወይም በአፕዴት ተመልሶ በርቷል። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ሊኑክሱን ማንሣት ከፈለጋችሁ

ከክፍሉ አትጀምሩ። ዩኢኤፍአይ ከሆናችሁ በፈርምዌሩ «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር»ን አስቀድሙና ያለ ግራብ መነሣቱን አረጋግጡ። ሌጋሲ ከሆናችሁ በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ተነሥታችሁ፣ «ሪፔር»፣ ከዚያ «ኮማንድ ፕሮምፕት» ገብታችሁ «ቡትሬክ /ፊክስኤምቢአር» በሉ፤ ይህ የመጀመሪያውን ሴክተር ለዊንዶውስ ይመልሳል። ዊንዶውስ ብቻውን መነሣቱን ካያችሁ በኋላ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ የሊኑክሱን ክፍል አጥፉ፣ ቦታው ከሲ የተቀነሰ ከሆነ ሲን በቀኝ ማውስ ጠቅ አድርጋችሁ «ኤክስቴንድ ቮልዩም» በሉ። ፈርምዌሩ ላይ «ኡቡንቱ» የሚል ስም ቢቀር ምንም አያደርግም።